ባሕሩ የትም አይሄድም

አውሮፓን እንደ እኔ የሚያውቃት ሰው ካለ ይምጣና እንፎካከር። ሮም ቡናማ ናት፤ ክንድ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ቆዳዋ ትንሽ ተልጧል። ሚላኖ ግራጫ ናት፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዞራ የተኛች፣ ሰው ሲቀመጥባት የምትውጥ። እኔን አንድ ጊዜ ውጣኝ ሁለት ጎልማሶች ጎትተው ነው ያወጡኝ። ፍራንክፈርት ሲስቧት አልጋ ትሆናለች። ሊዮን ከተገዛች ጀምሮ ላስቲኳ አልተነሣላትም፤ በሙቀት ቀን ተቀምጦባት የተነሣ ሰው ግማሽ ቆዳውን ትቶ ነው የሚሄደው። ማርሴይን ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ።

የማወራው ስለ ሶፋ ነው። ሌላ ነገራቸውን አላየሁም።

ይህን ስናገር፣ ጄኔቫ ጥግ ኦኔ በሚባለው ሠፈር የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሐበሾች ይስቃሉ። ሕንፃው ረጅም ነው፤ ከላይኛው ፎቅ የወደቀ መሐረብ መሬት እስኪደርስ ወቅት ይለወጣል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የማጋነን ልማድ አለብኝ፤ ከሥራዬ የመጣ ይመስለኛል። ጠዋት በትራም ሄጄ የሰው ልጅ እረከባለሁ፣ ማታ አጣጥቤ ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ። የጄኔቫ ሰዎች በፈረንሳይኛቸው "ኑኑ" ይሉኛል፤ ሞግዚት ማለታቸው ነው። ሃምሳን የተጠጋች ሴት ኑኑ ስትባል የድመት ስም የወጣላት ይመስላታል፤ ግን ተለመደ። ልጅ የሚጠብቅ ሰው ካላጋነነ የሚሰማው የለም። ካሮት ካልበላህ አፍንጫህ ይረግፋል እያልኩ ያሳደግኋቸው ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። አፍንጫቸውም በቦታው አለ።

ስለ ሶፋዎቹ ሳወራ የምዘለው ነገር አለ። እነዚያን ሁሉ ከተሞች የዞርኩት ሶፋ ፍለጋ አልነበረም፤ ባሕር ፍለጋ ነበር። ባሕሩን የፈለግነውም ለራሳችን አልነበረም።

የወንድሜ ልጅ ኦ ፔር ሆና ዙሪክ የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኦ ፔር የሚሉት፣ ወጣት ልጅ የሰው ቤት ገብታ፣ ልጆቻቸውን እየጠበቀች፣ ቋንቋቸውን እየተማረች፣ እንደ ቤተሰብ አብራ እየበላች አንድ ዓመት የምትቀመጥበትን ሥራ ነው። አንድ ዓመት ብቻ። ሲያልቅ ሻንጣ ተይዞ ወደ አገር መመለስ ነው። እኔ የመኖሪያ ወረቀቷን "ፔርሚ" ስል እሷ "አውስቫይስ" ትለኝ ነበር፤ የኔ ጄኔቫ በፈረንሳይኛ፣ የእሷ ዙሪክ በጀርመንኛ። በየትኛውም ቋንቋ ግን የሚያበቃበት ቀን ላዩ ላይ ታትሟል።

የገባችበት ቤት ሰዎች ደጎች ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ከመስታወት የተሠሩ ይመስል ጠዋት ተጠቅልለው ይወጣሉ፣ ማታ ተቆጥረው ይገባሉ። ራት ዳቦና አይብ ነው፣ ቀዝቃዛ። "አክስቴ፣ እዚህ አገር ማታ ምድጃ አይለኮስም" ብላ ደወለችልኝ በመጀመሪያው ሳምንት። "ማታ ምድጃ የለኮሰ በፖሊስ ይያዛል" አልኳት። ለሁለት ቀን አምናኝ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ የራሷ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ቤተሰቡ ወደ ተራራ ሲወጣም የራሷ ነው። እኔም ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ፣ ለዕረፍቱም ፈቃድ እወስዳለሁ። ባቡር አለ፣ ድንበር ላይ የሚያስቆም የለም። አክስትና የወንድም ልጅ አውሮፓን ቢጨርሱ ምን ያግዳቸዋል?

አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ሲያስተምር ያረጀ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሜዲትራኒያንን ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ፣ እጁን ወደኋላ ልኮ በጠመኔ ይስለው ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አልሰማችሁም፤ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። ግን ጣሊያንን ተረከዟን ሳይስት በአንድ ትንፋሽ እንደሚስላት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቻለሁ። ባሕርን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ሰው በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውሃ ላንጋኖ ነው።

ልጁን ቦሌ ሲሸኛት አንድ ነገር ብቻ አዘዛት። "ባሕር ውስጥ ቁሚና በቪዲዮ ደውዪልኝ።"

እኔ ይህን ስሰማ በስልክ ሳቅሁበት። "ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ላይ በየቀኑ ታየው የለም እንዴ?"

"ቴሌቪዥን ላይ የሚቆመውን ሰው አላውቀውም" አለኝ። "ካርታ መጠን ከሌለው ሥዕል ነው። የልጄን ቁመት አውቀዋለሁ። እሷ ስትቆምበት ነው ልኩን የማውቀው።"

ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ የዓይኑን ነገር ነገረኝ። ግላኮማ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታ እየጨመርክ ጠብቀው ብሎታል። "ዳር ዳሩ እየጠበበ ነው። አሁን በቱቦ ነው የማየው" አለ። "ግን ጥሩ ቱቦ ነው።"

እንግዲህ ልጅቷ የመጣችው ሁለት የሚያልቁ ነገሮች ይዛ ነው፤ አንዱ አውስቫይሷ፣ ሌላው የአባቷ ቱቦ።

የመጀመሪያው ጥፋት የኔ ቀልድ ነበር። በኅዳር ጄኔቫ ልትጠይቀኝ መጣች። የዚያን ዕለት ጉሙ እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁ የሌላ ሰው የሚመስላችሁ ዓይነት ነበር። ሐይቁ ዳር ቆመን ማዶ የሚባል ነገር የለም፤ ውሃውና ሰማዩ ተሰፍተዋል። "ደውዪለት" አልኳት።

"ለምን?"

"ባሕር ደረስን በይው።"

"አክስቴ፣ አባዬን?"

"ለአንድ ደቂቃ ነው። ይስቃል።"

ደወልን። ጋሼ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ፊቱን ስልኩ ላይ ለጥፎ መጣ። ስልኩን ወደ ውሃው አዞርኩለት።

"ማዶው የታል?" አለ።

"ባሕር ማዶ አለው እንዴ ጋሼ?"

"ማዕበሉስ?"

"ዛሬ እሑድ ነው፤ አርፏል።"

ውሃውን ተመለከተ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንድ አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ቀስ ብሎ እየዋኘ መጣና እግራችን ሥር ቆሞ ዳቦ ጠበቀ። ጋሼ መሳቅ ሲጀምር ስልኩ ተንቀጠቀጠ። "ባሕር ላይ የሚለምን ዳክዬ ዛሬ አየሁ" አለ። "አንቺ ልጅ፣ አክስትሽን አትስሚ። እኔ እጠብቃለሁ።"

በጣም ነበር የሳቅነው። ያንን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ጉዞ ያቀደችው እሷ ናት። ዙሪክ በሦስት ወር ውስጥ የባቡር ሰዓት አስተምራታለች። እኔ ከጄኔቫ፣ እሷ ከዙሪክ ተነሥተን ሚላኖ ጣቢያ እንገናኛለን፤ እዚያው ባቡር ቀይረን ጄኖቫ በምትባለው የጣሊያን ወደብ፣ ባሕሩ ላይ እንወርዳለን። እሑድ ማታ እንመለሳለን። ቀላል ነው። ልጅቷ ለአባቷ ነገረችው። ስህተታችን ይሄ ነበር፤ ሌላ አገር ሰው ለአባቱ መንገዱን ቢነግር ምንም አይሆንም።

ሚላኖ ስወርድ የወንድሜ ልጅ ብቻዋን አልነበረችም። ከጎኗ አንድ ትልቅ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሞ ሻንጣዋን ይዟል። የጋሼ የድሮ ተማሪ ነው። ጋሼ ልጁ በሚላኖ እንደምታልፍ ሲያውቅ ስልኩን ሦስት አህጉር አፈላልጎ አግኝቶ ደውሎለታል። ልጄ ከተማህ መጥታ ሳትጠይቅህ ብታልፍ ምን ትለኛለህ ብሎ።

"የቲቸር ልጅ" ይላል ሰውዬው ደጋግሞ። "የቲቸር እህት። ቲቸር ናቸው ሰው ያደረጉኝ።"

"እኛ እንኳ ወደ ጄኖቫ የሚሄደው ባቡር…" አለች ልጅቷ ሰዓቷን እያየች።

"ጄኖቫ? ጄኖቫን ነገ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ። ባሕሩ የትም አይሄድም። ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ ዶሮ ስትሠራ ነው የዋለችው። ግቡ፣ ግቡ።"

ምን ትሉታላችሁ? ገባን። ያቺ ግራጫ ሶፋ የዋጠችኝ ያኔ ነው። በማግስቱ ቁርስ ነበረ፤ ከቁርስ በኋላ ክትፎ፣ ከክትፎው በኋላ የቲቸርን ልጅ ለማየት ከየሠፈሩ የመጣ ሕዝብ። ሚላኖ ያለው ሐበሻ በሙሉ፣ የካቴድራሉም ጠባቂዎች ሳይቀሩ፣ ያቺ ሳሎን የገቡ ነው የሚመስለኝ። እሑድ ከሰዓት ላይ ለጋሼ ተደወለ። ተማሪው ስልኩን ይዞ ቤቱን አዞረው፤ ቁም ሣጥኑን፣ ልጆቹን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውስጡን። ጋሼ በቱቦው አንድ በአንድ አየ። "ያንን የግድግዳ ሰዓት አሳየኝ እስቲ። ጎበዝ። እነዚህ ልጆችህ ናቸው? ጠጋ በሉ።"

በመጨረሻ ስልኩ ልጅቷ እጅ ሲደርስ "ባሕሩስ?" አለ።

"አልደረስንም አባዬ። በሚቀጥለው።"

"ይሁን" አለ ጋሼ። "ከውሃ ሰው ይበልጣል።"

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ወረርሽኝ ሆነ። ልጅቷ መንገድ ታቅዳለች፣ አባቷ ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ያስታውሳል። ቢያንስ አንድ ሰው የሌለው የአውሮፓ ከተማ የለም፤ ይህንን ጥናት የሠራሁት እኔ ነኝ። የልጆቹ የበረዶ ዕረፍት ሲደርስ ወደ ሰሜን ባሕር እንሄዳለን ብለን ፍራንክፈርት ላይ ቀረን፤ አልጋ በምትሆነው ሶፋ ላይ ሳምንቱ አለቀ። ከደቡብ እንሞክር ብለን ሊዮን ላይ ተጣበቅን። በየቤቱ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው አንድ ጣቢያ ነው፤ ድራማውን ፍራንክፈርት ላይ አቋርጠን ሊዮን ላይ ጨረስነው። በየቤቱ ባሕር የሚለውን ቃል ስናነሣ አስተናጋጁ እጁን ያወዛውዛል። ባሕሩ የትም አይሄድም። ብሉ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ እንኳ ክፉ ቢሆን ጥለን እንሄድ ነበር።

ሮም የሄድነው በነጮቹ ፋሲካ ዕረፍት ነው። የኛ ሁዳዴ አልተፈታም። ስለዚህ ሮምን ያየኋት በአይስክሬም ቤት መስኮት በኩል ነው፤ ከውጭ ቆሜ። አንድ ሻጭ የሚበላ ነገር እንደሌለኝ አስቦ በነፃ ሊሰጠኝ ወጣ። "ወር አልቀረውም፣ ጠብቀኝ" አልኩት በአማርኛ።

ያረፍነው የወንድሜ ሚስት ዘመድ ቤት ነው። ሮም ላይ ባሕሩ ቅርብ ነው፤ በከተማ ባቡር ይደረሳል። ልጅቷ ይህንን ከዙሪክ ጀምራ ታውቀዋለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሽሮው ሳይነሣ ጫማዋን አደረገች።

"ወዴት ነው?" አለች የቤቱ እመቤት።

"ባሕሩን ደርሼ ልምጣ እትዬ። ቶሎ እመለሳለሁ።"

"ብቻሽን? ምን አጠፋን? ቤታችን ጠበበሽ?"

"አይ፣ አባዬ እንዳየው ብሎኝ…"

"አባትሽ ደውሎ አደራ ያለኝ እኮ እኔን ነው። ለጎረቤት ሰው ነግሬያለሁ፤ አሁን ሊመጡ ነው። ነገ ሁላችንም እንሄዳለን፣ በሕብረት። ባሕሩ የትም አይሄድም።"

ልጅቷ በሩ ጋ ቆመች። እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየት ሳስታውስ የማጋንነው የለኝም። ሂጂ ብላት ትሄድ ነበር። ሴትዮዋ ለአንድ ቀን ትከፋ ነበር፤ ጋሼም ምነው ይል ነበር፤ ከዚያ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቡናማዋ ሶፋ ላይ ተደላድያለሁ፣ ሰው ማስቀየም አልፈለግሁም፣ ነገም ቀን ነው።

"ተቀመጪ እስቲ" አልኳት። "ሰው አታስቀይሚ።"

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ በሕብረት የሄደ አልነበረም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ተመልሳ ስንደዋወል ስለ ፍራንክፈርት እንስቃለን፣ ስለ ሊዮን እንስቃለን። ስለ ሮም አንነጋገርም።

የኛ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ዙሪክ ወጣሁ። ቤተሰቡ የሉም፤ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠን ምድጃ ለኮስን። ፖሊስ አልመጣም። ለጋሼ ደወልን። ድምፁ ይሰማል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ይነግረናል። ስልኩ ላይ የሚታየው ግን ጣሪያው ነው፤ ጣሪያውና የተንጠለጠለው አምፖል።

"አባዬ፣ ስልኩን አዙረው። ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየኝ።"



"ለእኔ ከዚያም ያንሳል" አለ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ የቤተሰቡ ቀልደኛ ግን እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። የወንድሜ ሚስት ስልኩን ተቀበለችው። ከገና በኋላ ነው የባሰበት፣ ጠብታውም አልያዘለትም፣ አዲስ አበባም ተመላልሷል አለች። ልጄ ሥራዋ ላይ ሐሳብ አይግባት ብሎ ደብቋት ነው። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሌላ የለም።

የወንድሜ ልጅ ተነሥታ ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ የበሰለውን ሁሉ ለሁለት ከፈልንና በላን፤ ምን እንደሆነ አላስታውስም። እኔ የማስበው የሚላኖን ቁም ሣጥን ነበር። የወንድሜ የመጨረሻ ደህና ዓይን ያረፈው እሱ ላይ ነው። ቁም ሣጥን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ተከፍቶ የቆየ ማቀዝቀዣ።

"እንሄዳለን" አለች ልጅቷ፣ ሳህን እያጠበች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

"ወዴት?"

"ባሕር። ለማንም አንናገርም። ለአባዬም።"

"ምን ልታሳዪው?" ልላት ነበር። አላልኩም፤ በዚያ ዓመት በደህና ከሠራኋቸው ነገሮች አንዱ ያ ነው።

በዕርገት ዕረፍት ሄድን፤ ዙሪክ ያንን ሐሙስና አርብ ልጅ አይማርም። ማርሴይን የመረጥነው የምናውቀው ሰው ስለሌለ ነው። ሊዮን ጣቢያ ባቡር ስንቀይር የላስቲኩ ሶፋ ባለቤቶች እንዳያዩን ሻርፔን እስከ ዓይኔ ጠቀለልኩ። ሁለት ፖሊሶች ሦስት ጊዜ ዞረው አዩኝ። ልጅቷ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ባሕሩ ጋ በአውቶቡስ ደረስን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሳየው ምንም አልሆንኩም። ነፋስ ነበር። ውሃው ግራጫም ሰማያዊም የማይባል፣ ያልታጠበ ነገር ይመስላል። ሰዎች ውሻ ያሯሩጣሉ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሄድ መለስ ይላል። ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ ሶፋ አልኩ በሆዴ።

የወንድሜ ልጅ ጫማዋን አወለቀች፣ ሱሪዋን ጠቀለለች፣ ገባች። ጉልበቷ ድረስ ስትደርስ ቆመችና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔም ከነጫማዬ ገባሁ። ደወልን። የወንድሜ ሚስት አነሣችውና ሰጠችው።

"አባዬ፣ ባሕር ውስጥ ነኝ።"

ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ከዚያ፣ "አክስትሽ አብራሽ አለች?"

"አለሁ ጋሼ።"

"ባሕር ነው?" አለ። "ወይስ ያ የጉሙ ቀን ነው?"

ቀልዶ አልነበረም። በጨዋ ድምፅ ነው የጠየቀኝ፤ እንደ እንግዳ ሰው፣ እንዳይታለል ፈርቶ። አሁን ወፉን አይቶ ሊስቅብኝ አይችልም። ያለው የኔ አፍ ብቻ ነው።

"ባሕር ነው ጋሼ። እንዴት ያለ ባሕር መሰለህ፣ ሰማዩን ውጦ…"

"ተይ" አለኝ። "አንቺ ስታጋንኚ ልኩ ይጠፋብኛል። ያለውን ብቻ ንገሪኝ።"

ዞር ብዬ አየሁ። ያለውን ብቻ መናገር ለካ ያልተማርኩት ሥራ ነው። ትልቅ ነው ልል ነው፤ ትልቅ የሚለውን ቃል ደግሞ ለሶፋ፣ ለሕንፃ፣ ለዶሮ ጨርሼዋለሁ። ቆየሁ። ጋሼ አልቸኮለም፤ ተማሪ የሚጠብቀው እንዲህ ነበር።

"ልጅህ ጉልበቷ ድረስ ገብታለች" አልኩ በመጨረሻ። "ከእሷ ወዲያ ሌላ ነገር የለም። እስከ መጨረሻው ውሃ ነው።"

"ጉልበቷ ድረስ" አለ ጋሼ።

"አዎ።"

"ቅመሺው" አላት ልጁን።

ጎንበስ ብላ በእጇ ቀድታ ቀመሰች። ፊቷን አኮማተረች። "ጨው ነው አባዬ። በጣም ጨው ነው። ይመራል።"

"አዎ" አለ። መልሱን ላገኘ ተማሪ እንደሚለው ነው ያለው። "ፀሐይ በየት በኩል ናት?"

"በቀኜ።"

"ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወደ ደቡብ ዞረሽ ነው የቆምሽው። ፊት ለፊትሽ አልጄሪያ ናት። ከእሷ ወዲያ በረሃው። ከዚያ ወደ ግራ ዞር ካልሽ፣ እኛ።" እጁን በአየር ላይ ሲያንቀሳቅስ ታየኝ፤ ስልኩን አሁን ሚስቱ ነበረች የያዘችለት። ወደኋላው፣ ሳያይ፣ እንደ ድሮው ይስል ነበር። "ድምፁን አሰሙኝ።"

ስልኩን ወደ ውሃው አስጠጋሁለት። ነፋሱ ቀድሞ ገባ መሰለኝ።

"ዝናብ ነው የሚመስለው" አለ። ከዚያ፣ "ደህና። አየሁት ማለት ነው። ከተማው ማነው?"

ልጅቷ ሳታስብ መለሰችለት። "ማርሴይ።"

"ማርሴይ?" ድምፁ ተለወጠ። "ማርሴይ እኮ ተማሪዬ አለ። ከፊት ይቀመጥ የነበረ፣ ቀጭን ልጅ። ልጄ እዚያ ድረስ መጥታ ሳትጠይቀው ብትመለስ ምን ይለኛል? ቆዩ፣ አሁን አስደውልለታለሁ።"

ውሃው ውስጥ ቆመን ተያየን። በዚህ ጊዜ ተቀመጪ የሚላት አልነበረም፤ ሂጂ ለማለትም ረፍዷል። "እሺ አባዬ" አለች። ሱሪዋን ሳትዘረጋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ቀጭኑ ልጅ አሁን ወፍራም ነው፤ በር ላይ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈን። "የቲቸር ልጅ" አለ። ባለቤቱ የልጅቷን ሱሪ አየች፣ የኔን ጫማ አየች። "ዝናብ መታችሁ እንዴ?"

"ባሕር ነው" አለች የወንድሜ ልጅ።

"ውይ፣ ያንን ቆሻሻውን ዳር ነው ያያችሁት። ነገ ጥሩውን እናሳያችኋለን። አሁን ተቀመጡ፤ ባሕሩ የትም አይሄድም።"

ተቀመጥን። የማርሴይ ሶፋ ሰማያዊ ናት፣ ለስላሳ፣ ካየኋቸው ሁሉ የምትሻል። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ቴሌቪዥኑን ነው የምታየው። መስኮቱን ነፋስ ያስገባል ብለው ዘግተውታል። የወንድሜ ልጅ ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ ጊዜ አንገቷን ወደኋላ አዞረች፤ ከዚያ እንጀራ ሲጨመርላት ወደ ፊት ተመለሰች።